በማርመላታ ብርጭቆ የተጋገረ የምላሽ ዳቦ

የልጅ ልጄ ሜሮን በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሥራ ገባችና ጠረጴዛው ላይ የማር ብርጭቆ ደረደረች። ክዳን ያለው፣ ጥርት ያለ ብርጭቆ ነው። ማር መስሎኝ ነበር፤ ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ኬክ ነው። እዚያው ብርጭቆው ውስጥ ጋግራ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አስራ፣ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ስጦታ ልትሰጥ ነው። «አባባ፣ አሁን የመጣ ነገር ነው፤ ይቅመሱልኝ» ብላ አንዱን ከፈተችልኝ። የኮረሪማው ሽታ ሽቅብ ሲመጣ እጄ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። «አያትሽ በጣሊያን ጊዜ ጋግራዋለች» አልኳት። ሳቀች። ሰው ሲያረጅ የሁሉን ነገር መጀመሪያ ለራሱ ቤት ይሰጣል ብላ ነው መሰለኝ። አልፈርድባትም። ያን ጊዜ ያዩ ዓይኖች የቀሩት የእኔ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ አሁን መርፌ አያሰኩም። ስለዚህ ሳልሄድ ልንገራት ብዬ ነው ይህን የማስጽፈው።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ከቁጥር ጋር ድሮም አልተዋወቅንም፤ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼም ከፊደል ገበታው ብዙ አልራቅኩም። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ከሠራ በኋላ፣ ሳይወጣ ደግሞ በፊት ነው። ማርቆስ ያኔ ቤቱ ሁሉ የሣር ክዳን ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ሲወርድ ከጣራው የሚወጣው ጭስና ጉሙ አይለይም። ከገበያው ወደ ምሽጉ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ አንድ የዓረብ ሱቅ ነበረ። ክብሪትና መርፌ፣ አቡጀዲ፣ ቀለም የገባበት ክር፣ ጣት የሚያህል ሽቶ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ጣሊያን የወረቀት ገንዘብ ቢያወጣም የእኛ ገበሬ እጁን አይዘረጋለትም፤ «ወረቀትማ ዝናብ ያበላሸዋል» ይላል። ማርትሬዛ ብር ካልሆነ ማር አይቀዳም። አንድ ማርትሬዛ ይዞ የወጣ ሰው ግን ማሩንም ቅቤውንም በቅል አስሞልቶ፣ ለመልሱ ደግሞ ጨው ተቀብሎ ይገባ ነበር። ዛሬ ሜሮን ለቅመሙ ብቻ ያወጣችውን ስትነግረኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። የሴቶቹ ልብስ ደግሞ! ራሳቸው የፈተሉት፣ ሰፊ፣ ወገቡ በመቀነት ጥብቅ ያለ። ገበያ ላይ ሴቲቱን ከሩቅ የምትለያት በመልኳ ሳይሆን በመቀነቷ አስተሳሰር ነበር።

እኔ ዳምጤ ገበሬ ነበርኩ። በሬዎቼን ጣሊያኖች ወስደው አረዷቸው። በሬ የሌለው ገበሬ ምን ያርሳል? ከተማ ገባሁና እዚያው በሬዎቼን በበላው ወጥ ቤት እንጨት ፈላጭ ሆንኩ። ተገድጄ ነው ብል ውሸት፣ ወድጄ ነው ብልም ውሸት። ሰው ግን እንዲህ አድርጎ አይከፋፍለውም፤ ሳልፍ «የጣሊያን መጥረቢያ» እያለ ይሸረድደኝ ነበር።

በዚያው ዘመን ነው የሺን ያገባኋት። የሺእመቤት የመሪጌታ አምሳሉ ልጅ ናት። መሪጌታ ወደ አምበር መውጫ ባለች አጥቢያ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ድምፃቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውጭ ቆሞ ለሚሰማ ሰው ግንቡን የሚያስረሳ። ሠርጉ ያለ ነገር አለፈ። ከሠርግ በኋላ በእኛ አገር ምላሽ አለ፤ የከተማው ሰው መልስ የሚለው ነው። ሙሽሮቹ ዳቦ ጋግረው ወደ ሙሽራዋ አባት ቤት ይሄዳሉ፤ አባትየው ዳቦውን በገዛ እጁ ይቆርሳል፣ ይመርቃል፣ የቆረሰውን ለሁለቱ ያካፍላል። ያን ጊዜ ነው ትዳር ትዳር የሚሆነው። እስከዚያ ድረስ ልጅቱ እንደ ውሰት ዕቃ ናት፤ አማትም ለአማቿ ፊቷን አታሳይም። ታዲያ እኛ ለምላሹ ስንሰናዳ መሪጌታን መጥተው ያዟቸው። ለአርበኞች ስንቅ አቀብለዋል ተብሎ ነው። እውነት ይሁን ውሸት እኔ አልጠየቅሁም፤ እንጨት የምፈልጠው የት እንደሆነ እያወቅሁ እንዴት ልጠይቅ? ምሽጉ ውስጥ ታሰሩ። ዳቦውም ሳይቆረስ ቀረ።

የሺ ነገሯን በሆዷ የምትይዝ ሴት ነበረች፤ ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ አባቷ ዳቦዋን እንዲቆርሱላት። እስር ቤትም ቢሆን፣ በዓይኗም ባታያቸው። ደግሞ ወሬው ጥሩ አልነበረም፤ እስረኞቹን በካሚዮን ጭነው ወደ ሩቅ አገር ሊወስዷቸው ነው ይባላል።

ለእስረኛ ስንቅ የሚቀበሉት ዓርብ ዓርብ ነበር። መነጋገር የለም፤ ዕቃ ይገባል፣ የባለፈው ሳምንት ዕቃ ይወጣል፣ በቃ። በሩ ላይ የሚቆመው የጥቁር ወታደሮቹ አለቃ ነው፤ ቡሉቅባሽ ይሉታል። ከመረብ ማዶ የመጣ፣ ረዥም፣ ቀይ ታርቡሽ ባርኔጣውን ወደ ቅንድቡ የሚደፋ ሰው። ዳቦ ሲመጣለት ሳንጃውን ይሰካበትና ይተለትለዋል፤ ደብዳቤ ወይ ጥይት ተደብቆበት ይሆናል ብሎ። የሺ የመጀመሪያውን የምላሽ ዳቦ በኮባ ቅጠል ጋግራ፣ ባዲስ መሶብ ይዛ ሄደች። ከፊቷ ተለትሎ ገባ። ሌላ ሰው ቀድሞ የቆረሰውን ዳቦ አባት አይመርቅበትም። ስትመለስ አላለቀሰችም፤ ብቻ ባዶውን መሶብ ከነክዳኑ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

በሚቀጥለው ዓርብ ግን ዓይኗ ሌላ ነገር አየ። ከፊቷ የተሰለፈች አንዲት ባልቴት ማር በጠርሙስ ይዛ ነበር። ቡሉቅባሹ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ፣ አዟዙሮ፣ ውስጡን አየና ሳይነካው አሳለፈው። የሺ እየሮጠች መጥታ እንጨት በምፈልጥበት አጥር በኩል ጠራችኝ።

«እዚያ ቤት ብርጭቆ ይጥላሉ?»

ይጥላሉ። ጣሊያኖች ዳቦ ላይ የሚቀቡት ማርመላታ የሚባል ጣፋጭ አላቸው፤ እሱ ሲያልቅ ብርጭቆውን ቆሻሻው ላይ ይወረውሩታል። አፉ ሰፊ፣ ወገቡ ቀጥ ያለ ነው። ለቃቅሜ በጋቢዬ ሸፍኜ አመጣሁላት። በአመድ አጠበችው፣ በሎሚ አጠበችው፣ ጸበል ረጨችበት፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ብርጭቆው አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም። ወጥ ቤቱ ቀረፋም ነበረው፤ ጥቂት ላምጣልሽ ብላት ግን እምቢ አለች። «ዕቃ ይታጠባል፤ ሆድ የገባ ነገር በምን ይታጠባል?» አለችኝ።

አሁን ሜሮን ምድጃዋን በቁልፍ ታዞረውና ሌላ ሥራዋን ትሠራለች፤ ሲደርስ ራሱ ይጮህላታል። የሺ ግን በብርጭቆ ሲጋግር ያየችው ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ፍም ላይ አስቀመጠችው፤ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበረችው፤ ከሥሩ አሮ ከላዩ ሊጥ ሆኖ ወጣ። ቀጥሎ ትልቅ ድስት ውስጥ ኮባ አነጠፈች፣ ከብርጭቆው ወገብ በታች የሚደርስ ውሃ ጨመረች፣ ሊጡን እስከ ግማሽ ብቻ ሞልታ አቆመችው፣ ከላይ በሸክላ ከድና ክዳኑ ላይ ፍም በተነች። ከሥር እንፋሎት፣ ከላይ እሳት። እኔ ደጃፍ ተቀምጬ የቤቱን ሽታ እከተላለሁ፦ መጀመሪያ ጥቁር አዝሙዱ፣ ቀጥሎ ኮረሪማው፣ በመጨረሻ ማሩ። ስትከፍተው ዳቦው ብርጭቆውን ሞልቶ፣ አናቱ እንደ ዶሮ ዕንቁላል ክብ ብሎ፣ ቅመሙ ነጥብ ነጥብ ሆኖ በመስታወቱ ይታያል። ምን ልበላችሁ፤ ብዙ ነገር በዕድሜዬ አይቻለሁ፤ ጣሊያን በአውሮፕላን ሲበር አይቻለሁ። እንደዚያ ግን አልተደነቅሁም። አፉን በሰም ደፈነችው።

ይህ ሁሉ ሙከራ የተሠራው በበዓለ ሃምሳ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ። የተዋጣለት ብርጭቆ ምሽጉ በር የደረሰው ጰራቅሊጦስ አልፎ በሚቀጥለው ዓርብ ነበር። ቡሉቅባሹ ወደ ብርሃን አነሳው፣ አዟዟረው፣ ሳንጃውን ወደ ሰገባው መለሰ። «ይሄስ ጌጥ ነው» አለ። ዳቦው ሙሉውን ገባ። ያን ሳምንት የሺ ስትፈጭ እንኳ ታንጎራጉር ነበር፤ ዜማው ምን እንደሆነ አሁን ጠፍቶኛል፣ ድምፁ ብቻ ቀርቶልኛል። ዓርብ ዳቦው ገባ፤ ዓርብ ጾም ስለሆነ ቅዳሜ ወይ እሑድ ይቆርሱታል ብለን ገመትን።

በሳምንቱ ብርጭቆው ወጣ። ሰሙ እንዳለ ነው። አልተከፈተም። ቡሉቅባሹ ትከሻውን ሰበቀና «ሽማግሌው አይሆንም አለ፤ መልሱላት አለ» አላት።

የእኛን አገር ሰው ለማታውቁ፣ የምላሽ ዳቦ ተመለሰ ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ልጄን መልሱልኝ ማለት ነው። ሌላ ቃል አያስፈልገውም። ዳቦው እሳቸው ዘንድ ሳለ ቅዳሜ አለፈ፣ እሑድ አለፈ፣ ሰኞም ማክሰኞም፤ ሰውየው ሊቆርሱት ቢፈልጉ ቀን ሞልቶ ነበር። ለምን እንደመለሱት እኔ ወዲያው ገባኝ። እስር ቤቱ ውስጥ ሆነው ማን እንጨት እንደሚፈልጥ ይሰማሉ፤ የመጥረቢያዬ ድምፅ ሳይደርሳቸው አይቀርም። የሺ ብርጭቆውን ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ ነጠላዋን አጣጥፋ ያዘች። «እናቴ ጋ ልሂድ» አለች። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረችኝም። ከበሩ ስትወጣ ግን ብርጭቆውን በጋቢዬ ጠቅልዬ ከኋላዋ ተከተልኩ። የሰኔ ጭቃ ነው፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጣን።

አማቴ እማማ ጥሩነሽ እኔ ስገባ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ገቡ። ምላሽ ስላልተበላ ፊታቸውን አያሳዩኝም፣ ለእኔም በቀጥታ አይናገሩም። የሚናገሩት ለቤቱ ምሰሶ ነው።

«አንተ ምሰሶ፣ ያን ሰው ምን ሆነህ ነው እንዲህ የረጠብከው በልልኝ።»

የሺ ነገረቻቸው። እኔም በመካከል ገባሁና «በእኔ ምክንያት ነው፤ መሪጌታ የጣሊያን እንጨት ፈላጭ ልጄን አይዛትም ማለታቸው ነው» አልኩ፤ እኔም ለምሰሶው ነው የተናገርኩት። ከመጋረጃው ሥር አንድ እጅ ወጣ። ብርጭቆውን ሰጠሁ። ሰሙ በጥፍር ሲፋቅ ይሰማኛል። ከዚያ እንዲህ ጠየቁ።

«የሺ፣ በምን ለወስሽው?»

«በቅቤ ነዋ። የምላሽ ዳቦ አይደለም እንዴ?»

«አባትሽ በሰኔ ቅቤ ሲልስ የት አይተሽው ነው?»

የሺ አፏን በእጇ ያዘች። የሰኔ ጾም! የሐዋርያት ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ገብቶ እስከ ሐምሌ አምስት ይዘልቃል። በእኛ አገር እኛ ጎልማሶቹ ብዙም አንይዘውም፤ ካህኑና ሽማግሌው ነው የሚይዘው። ደግሞ መግቢያው እንደ ፋሲካው በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ለአጥቢያው «ነገ ይገባል» ብለው የሚያውጁት ራሳቸው መሪጌታ ነበሩ። ያን ዓመት ማን ያውጅ? የሺ ከዓርቡ በቀር ሌላ ጾም ያለ አልመሰላትም።

አማቴ አሁን መሳቅ ጀምረዋል፤ መጋረጃው ይንቀጠቀጣል። «ሳይቆርስ ለእስረኛው አያድለው፣ የምላሽ ነው። ቆርሶ ሳይቀምስ አይሆን። እስከ ሐምሌ ላስቀምጠው ቢል ይሻግታል። ምን ያድርግ ምስኪኑ? አንተ ምሰሶ፣ ለዚያ ሰው ንገርልኝ፦ መሪጌታ ሰው ሲጠላ እቃ አይመልስም፤ ቅኔ ይቀኝበታል። የተቀኘብህ የለም በልልኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «በሬውን የተበላ ሰው መጥረቢያ ቢይዝ ምን ይገርማል» አሉ። ያቺ ቃል ጭቃውን ሁሉ ከእግሬ አጠበችልኝ።

የሺ እዚያው እናቷ ቤት ሱፍ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ውሃውን አጥልላ አዲስ ሊጥ ለወሰች። ማሩ ያው፣ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ ያው፣ ቅቤው ብቻ የለም። ከተማ ተመልሰን ጋገረችው። በኋላ ስለዚህ ብርጭቆ የሰሙ፣ ሰው የታሰረባቸው ሴቶች እየመጡ ይጠይቋት ነበር፤ አንዷንም ሳታሳይ አልመለሰቻትም። ክረምቱ ሲገፋ ዓርብ ዓርብ የምሽጉ በር በብርጭቆ ያብለጨልጭ ነበር። እስረኞቹ ሲወሰዱ፣ መሪጌታም አብረው በካሚዮን ተጭነው ወዴት እንደሄዱ ሳናውቅ ሲቀሩ፣ ሴቶቹ ብርጭቆውን አልጣሉትም፤ ለአራስ ጥየቃ፣ ለክርስትና፣ ለዘመድ ጉብኝት በእሱ እየጋገሩ ይሰጣጡ ጀመር። ሜሮን አሁን የመጣ ነው የምትለኝ ይህንን ነው።

ግን የጾሙን ዳቦ የወሰድንባትን ያቺን ዓርብ ልጨርስላችሁ። ሥራዬን ትቼ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ቡሉቅባሹ ብርጭቆውን ሲያይ አወቀው።

«ባለፈው የመለሰውን ዛሬ ደግሞ ምን ልሁን ብለሽ አመጣሽው?»

«ያኛው በቅቤ ነበር» አለች የሺ። «ይሄ የጾም ነው። የምላሽ ዳቦዬ ነው፣ ጌታዬ። አባቴ ካልቆረሰው ትዳሬ አይቆምም።»

ሰውየው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አላነሳውም። ሰሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «በሱፍ ነው?» አላት።

«በሱፍ።»

«ዓርብ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀምስም። ቁሙ» አለና ራሱ ይዞት ገባ።

ግንቡ ሥር ቆምን። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። የየሺ ቀሚስ ከእግሯ ጋር ተጣበቀ፤ እኔ ጋቢዬን ከሁለታችን በላይ ዘረጋሁት። ዓይኗ ግንቡ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሁን ወይ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ከግንቡ ወዲያ ያ ድምፅ ተነሣ። ከእስረኛ ጋር መነጋገር ክልክል ነው፤ ጸሎት ግን ማን ይከለክላል? መሪጌታ የሚመርቁት አብረዋቸው ለታሰሩት አልነበረም፤ እንዲሰማን ብለው ነው እንደዚያ ያወጡት።

«ልጄን የሺእመቤትን፣ ልጄን ዳምጤን፤ ትዳራቸውን እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያጽናላቸው! ወልደው ይሳሙ፣ ዘርተው ይቃሙ! በሬውን ይተካላቸው!»

«አሜን!» አለ ግንቡ። ስንት ሰው እዚያ ውስጥ እንዳለ እስከዚያ ሰዓት አላወቅሁም ነበር። የሺ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ዝናቡን በመዳፏ እየተቀበለች «አሜን» አለች። እኔ ግን «ልጄን ዳምጤን» ካሉበት ላይ ቀረሁ፤ አሜን ማለቱም የመጣልኝ ዘግይቶ ነው። ሦስት ጊዜ መረቁ፣ ሦስት ጊዜ ግንቡ አሜን አለ። በሩ ላይ የቆሙት ወታደሮች ወደ መሬት ያዩ ነበር።

ቡሉቅባሹ ብርጭቆውን መልሶ አመጣው። ዳቦው በእጅ ተቆርሶ ግማሹ ውስጡ ነበር፤ የእኛ ድርሻ። የሺ ለእናቷ ቆንጥራ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ የቀረውን ለሁለት ከፍላ የእኔን አጎረሰችኝ። ማሩና የሱፉ ሽታ፣ ከዝናብ ጋር። ቆመን በላን። ስንጨርስ ጣቷን ላሰችና፣ ጣራው ሲያፈስ ወደሚያድረው ጎጆዬ አቅጣጫ አየች።

«በል ና እንሂድ» አለችኝ። «ነገ ሣር አጭደህ ያን ጣራ ክደነው። በእንዲህ ያለ ቤት ልጅ አላሳድግም።»